በጳጉሜን የሚያርፈው ኮምፒውተር

አማቴ ኮምፒውተራቸውን በጳጉሜን አይከፍቱትም ነበር። ለምን ሲባሉ፣ «አሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅም። በማያውቀው ቀን አላሠራውም» ይላሉ፤ ስለ በሬ የሚናገሩ ነው የሚመስለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኮምፒውተሩን ቀን በገዛ እጃቸው በእኛ አቆጣጠር ሞልተውታል። መስከረም አንደኛ ወር፣ ጥቅምት ሁለተኛ፣ ዓመቱም የእኛው ዓመት። ሰዓቱም እንደዚያው ነው፤ ጧት ሦስት ሰዓት ሲሆን ሦስት ይላል እንጂ ዘጠኝ አይልም። ማሽኑ ግን ሁለተኛው ወር አጭር እንደሆነ ከተወለደበት አገር ተምሮ ስለመጣ፣ በየዓመቱ ጥቅምት ሳያልቅ ወደ ኅዳር ይሻገራል። እሳቸው ደግሞ መልሰው ያስገቡታል። ክረምቱ ተገባዶ ጳጉሜን ሲደርስ ግን ሁለቱም ይደክማቸዋል መሰለኝ፣ ማሽኑ ጨርቅ ይለብስና እስከ እንቁጣጣሽ ያርፋል።

የሚኖሩት ዳንግላ ነው። ጡረታ የወጡ የደን ባለሙያ ናቸው፤ ሰባን ካለፉ ቆይተዋል። እኔ ልጃቸውን አግብቼ እንጅባራ እኖራለሁ። ሥራዬ ሰው ሁሉ የተስማማበትን ነገር መቃወም ነው። ስጽፈው ይከፈለኛል፤ ቤት ውስጥ በነፃ ነው የማደርገው። በትዳሬ የመጀመሪያ ዓመታት፣ በዚህ አገር ከእኔ የባሰ እምቢተኛ የለም ብዬ አምን ነበር። አማቴን ገና በደንብ አላወቅኋቸውም ነበር ማለት ነው።

በሥራ ዘመናቸው ለገበሬው የውጭ አገር ችግኝ ሲያድሉ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ የአገሩን ዕፅዋት ስም በአዊኛ መሰብሰብ ጀመሩ። ስሙ፣ የሚበቅልበት ቦታ፣ ቅጠሉ፣ አበባው፣ ሰው ምን ያደርግበት እንደነበር። ብዙውን ስም የነገሯቸው አማቴ ናቸው፤ ሴቷን አማቴን ማለቴ ነው። እሳቸው አዲስ ቅዳም አጠገብ ተወልደው በአዊኛ ያደጉ፣ አማርኛን ከተማ ገብተው የጨመሩ ሴት ናቸው። ከእንግዲህ ሳላምታታ እንድጨርስ ሰውዬውን አባባ፣ ሴትዮዋን እማማ እላለሁ፤ የምጠራቸውም እንዲሁ ነው።

አንድ ቀን በነገር አባባን ነካ አደረግኋቸው። «ባሕር ዛፉን ያስተከሉት እርስዎ፣ ከሥሩ የጠፋውን የሚለቅሙትም እርስዎ!»

«ታዲያ የት የት እንዳስተከልሁት ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?» አሉኝ።



አባባ ይህን ሁሉ ዓመት የተየቡት በአንድ የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ነው። ዛሬ የሚያውቀው ሰው የለም። የሚሠራውም እሳቸው ማሽን ላይ ባለው በአሮጌው ዊንዶውስ ብቻ ነው። በሌላ ኮምፒውተር የከፈቱት እንደሆነ ፊደሉ ይጠፋና የጉንዳን ሰልፍ የመሰለ ነገር ይወጣል። ይህን ያወቅነው እንጅባራ ውስጥ የአዊኛ ማስተማሪያ የሚያዘጋጁ ሰዎች ሥራውን እንዲያዩት በፍላሽ ይዤላቸው የሄድሁ ዕለት ነው። ፋይሉን ከፈትነው። ጉንዳኑ ተሰለፈ። ሰዎቹ ጨዋ ስለሆኑ አልሳቁም። ከዚያም አንዱ፣ ሥራው ዛሬ ሁሉም ማሽን በሚያነበው ፊደል ከመጣ ልጆች የሚያነቡት መጽሐፍ እንደሚያደርጉት ነገረኝ።

ለአባባ በስልክ ነገርኋቸው። የተረዱትን እኔም ተረድቻለሁ። የዕድሜያቸው የመጨረሻ ሥራ ያለው በአንዲት በምታቃስት ሳጥን ውስጥ ነው። ቅጂ በየፍላሹ ቢኖርም የሚያነበው እሷ ብቻ ናት። እሷ ስትሞት፣ ከእማማ አፍ የተለቀመው ስም ሁሉ ጉንዳን ሆኖ ይቀራል።

«እንግዲህ ሁለተኛ ሲስተም አስገባለሁ» አሉ በመጨረሻ።

ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚሉት ነገር፣ ለማያውቀው ሰው፣ የኮምፒውተሩ እማወራ ማለት ነው። ሳጥኑ ግቢ ነው፤ ሲስተሙ በግቢው ውስጥ የሚያዝዘው። አባባ ያሰቡት አሮጌውን ሳያባርሩ ሊኑክስ የሚባለውን ሌላ እማወራ እዚያው ግቢ ማስገባት ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚያዝዘው ግን አንዱ ብቻ ነው፤ ሲከፈት የትኛው እንደሚነሣ ይመረጣል። አሮጌው የድሮውን ጽሑፍ እንዲያነብ፣ አዲሱ አሮጌው አልቀበልም ያለውን የፊደል ገበታ እንዲሸከም።

እኔ እንደ ልማዴ ተቃወምሁ። እንኳን ሁለት፣ አንድ እማወራም የማይችል ማሽን እንደሆነ አስረዳሁ። በወረቀት ይታተምና ሌላ ሰው ይተይበው አልሁ።

«ሌላ ሰው ስሕተቴን ሳይቀር አሳምሮ ይተይብልኛል» አሉ።

በመጨረሻ እማማ ስልኩን ተቀበሉ። «ቆርቆሮ ቤት ስንሠራ የሣሩን ቤት አፈረስነው እንዴ?» አሉኝ። «ማድቤት አደረግነው። ምን ያስጮህሃል?»

እውነት ነው። ግቢያቸው ውስጥ የሣሩ ቤት ዛሬም አለ። በጋ ከክረምት ይጨሳል፤ ከቆርቆሮው ይልቅ ሰው የሚሰበሰበውም እዚያ ነው።

መንገዱ ሰላም በሆነበት በአንድ ቅዳሜ አዲሱን ሲስተም የያዘውን ፍላሽ ይዤ በሚኒባስ ወደ ዳንግላ ወረድሁ። እውነቱን ለመናገር የወረድሁት ላግዛቸው ሳይሆን ላስተዋቸው ነው። ስደርስ አባባ መነጽራቸውን አድርገው፣ በእርሳስ የተሠመረበት የእንግሊዝኛ መመሪያ ጭናቸው ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ማሽኑ ግን ጠፍቶ ነበር።

«ለምን አልጀመሩም?»

«መብራት እየጠበቅሁ ነው።»

«አለ እኮ መብራት።»

«መጥፋቱን ነው የምጠብቀው።» መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉ። «ዳንግላ መብራት ሳይጠፋ አይውልም። ካልጠፋ ገና ሊጠፋ ነው ማለት ነው። ጠፍቶ ሲመጣ ግን ለጥቂት ሰዓት ያፍራል፤ ቶሎ አይመለስም። በመሐል ከጠፋ ዲስኩ ግማሹ ታርሶ ግማሹ ሳይታረስ ይቀራል፤ ያን ጊዜ አልቅስ።»

የመብራትን ጠባይ እንደ ዝናብ አጥንቶ ሥራውን በዚያ የሚወስን ሰው ስንት ጊዜ አይቻለሁ? ሁላችንም ስናማርር ነው የኖርነው። እሳቸው አላማረሩም፤ ጠባዩን ዐወቁ።

ስንጠብቅ ቅጂ አደረጉ። አንዱን ፍላሽ ለእኔ ሰጡኝ። ሌላውን ለእማማ ሰጧቸው፤ እማማ ተቀብለው መቀነታቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት።

«የእኔ ደግሞ የት ይቀመጥ?» አልሁ።

«የትም አስቀምጠው፤ ያው ትጥለዋለህ» አሉ እማማ። «የሚቆየው ይኸኛው ነው።»

ቀትር ላይ መብራቱ ጠፋ። አባባ ቀበቶአቸውን አጠበቁ። ሲመለስ፣ መብራቱን ደግሞ እንዳያጠፋው እማማ የኤሌክትሪክ ምድጃውን እንዳይሰኩ ተነገራቸው፤ «ምሳችሁን ጥሬውን ትበሉታላችሁ» ብለው ወደ ሣሩ ቤት ሄዱ። አባባ ፍላሹን ሰክተው ማሽኑን አስነሡት። አዲሱ ሲስተም ደጅ ቆሞ ምርጫ አቀረበ። እኔ ከትከሻቸው በላይ ሆኜ የመጀመሪያውን አየሁ፤ ከላይ ያለ፣ አጭር፣ ለዓይን የሚመች።

«እሱ ቀላል ይመስላል፤ እሱን ይጫኑት» አልሁ።

አባባ ጣታቸውን ከማውሱ ላይ አነሡ። ቀስ ብለው ዞረው አዩኝ።

«አንተ ደራሲ፣ ዐረፍተ ነገር አንብበህ መጨረስ ተውህ? ‹ዲስኩን በሙሉ አጥፍተህ ግባ› ነው የሚለው።»

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ወንበር ተሰጠኝ፤ ከማሽኑ ራቅ ያለ ወንበር። እዚያ ተቀምጬ ያየሁትን ነው የምጽፈው።

ዲስኩ በማያው ላይ እንደ አንድ ረጅም እርሻ ተዘርግቷል። መሐሉ ላይ ድንበር አለ፤ ድንበሩን በማውስ እየጎተቱ አሮጌውን ያጠባሉ፣ ለአዲሱ ያሰፋሉ። አባባ ግን ወዲያው አልጎተቱም። መጀመሪያ አሮጌው የቱ ድረስ እንደተዘራ፣ የቱ ጋ ጠፍ እንደሆነ አዩ። የስንት ገበሬ ድንበር ሲያካልሉ ስለኖሩ ሕጉ በእጃቸው ነው። ሰውየው አሁን ያለውን ብቻ ትተህለት ብታካልል፣ ነገ ላሙ የምትቆምበት አጥቶ ጎረቤቱ ማሳ ይገባል፤ ክስ ይሆናል።

«ለአሮጌው ከሚበቃው በላይ እተዋለሁ» አሉ። «ሽማግሌ መንቀሳቀሻ ካጣ ይነጫነጫል። ራሴን አውቃለሁ።»

ድንበሩን ተከሉ። አንድ ጊዜ አረጋገጡ። እንደገና አረጋገጡ። ከዚያ አንድም ቃል ሳይናገሩ ተጫኑት።

ማሽኑ አቃሰተ። ማያው ላይ ያለው መስመር እንደ ቀንድ አውጣ ይሄዳል። አባባ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አምፖሉን ነው የሚያዩት፤ መስመሩን አይደለም። እኔ እንኳ፣ በዚህ ዕድሜዬ በማሽን ፊት የማልጨነቀው ሰውዬ፣ አምፖሉን ማየት ጀመርሁ። አልጠፋም፤ አፍሮ ነው መሰል።

ሲያልቅ ማሽኑ ጠፍቶ ተነሣ። ጥቁር ማያ ላይ ሁለት ስም ተጻፈ፤ አዲሱና አሮጌው። ካልመረጡ ጥቂት ቆጥሮ ወደ አንዱ ይገባል። አባባ ይህን አልወደዱትም። ከጥቂት ትግል በኋላ ቆጠራውን አስቀሩት። ሰው እስኪመርጥ ድረስ ጥቁሩ ማያ እንዲሁ ይጠብቃል።

«ሳይጠይቀኝ የትም አይግባ» አሉ።

እማማ ለምሳ የቀቀሉትን ድንች ይዘው ገብተው አዩት። «ደጅ ቆሞ የሚጠይቅ እንግዳ ጨዋ ነው» አሉ።

አሮጌውን መረጡ። ገባ። የድሮውን መጻፊያ ከፈቱ፤ ፊደሉ ደህና ነው። አንድ ቅጠል አልረገፈም። አባባ ወደ እኔ አልዞሩም፤ ግን ጀርባቸው ሲስቅ ታየኝ።

ችግሩ የመጣው ከአዲሱ ቤት ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስደውል አባባ ተቆጥተው አገኘኋቸው። አዲሱ ሲስተም የፊደሉን ገበታ ከኢንተርኔት ማምጣት ነበረበት። ዳታ በመጣበት ቀን ስልካቸውን አያይዘው ሞከሩ፤ እምቢ አለ። ደግመው ሞከሩ፤ እምቢ አለ። የሚሰጠው ምክንያት፣ የምትፈልገው ነገር ቀኑ ገና አልደረሰም የሚል ነው።

«ቀኑ አልደረሰም ይለኛል! ምጥ ነው?»

ሄጄ አየሁት። ገባኝ። አባባ እንደገቡ የመጀመሪያ ሥራቸው ያደረጉት አዲሱ ሲስተም ሰዓቱን ራሱ እንዳያስተካክል መከልከል ነው። ከዚያ የእኛን ዓመትና የእኛን ሰዓት ሞሉለት። ስለዚህ አዲሱ ቤት ከዓለም ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቆሞ ነው ዕቃ የሚጠይቀው። በእሱ ቀን ገና ያልተወለደን ነገር ኢንተርኔቱ እንዴት ሊሰጠው ነው? በአሮጌው ሲስተም ይህ አላስቸገራቸውም፤ አሮጌው ከሰው ጋር መነጋገር ከተወ ቆይቷል።

ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ለመጀመሪያ ጊዜ ከአባባ በላይ የማውቀው ነገር ተገኘ።

«ሰዓቱን ለፈረንጅ ይልቀቁለት» አልሁ። «አንድ ሰዓት ነው። ቢሮው ሁሉ በሱ ነው የሚሠራው።»

«ቢሮው ያደረገውን ሁሉ ላደርግ ነው?»

«ኮምፒውተር እኮ ነው አባባ።»

«በቤቴ ውስጥ ነው ያለው። ፀሐይ ከወጣች ሦስት ሰዓት ሲሆናት ዘጠኝ ነው እያለ የሚዋሸኝን ነገር በቤቴ አላኖርም። ሰው ቢሆን አስወጣው ነበር።»

እዚህ ላይ እኔ የዘመናዊነት ጠበቃ ሆኜ አረፍሁት። በጽሑፌ ስንት ጊዜ የነቀፍሁትን ነገር ሁሉ ለአባባ ሰበክሁላቸው። ዓለም አንድ ሆናለች አልሁ። ይህን ያልሁት እኔ ነኝ! እማማ ከጓዳ ሆነው፣ «ይህ ልጅ ዛሬ አመመው?» ሲሉ ሰማኋቸው። ተኳርፈን ተለያየን። ወደ እንጅባራ ስመለስ አዲስ ቅዳም ላይ ሚኒባሱ ከሰል የተጫነ ጋሪ ያሳልፍ ዘንድ ቆመ። መስኮቱን ተደግፌ፣ ግትር ሽማግሌ በሰዓት ምክንያት መጽሐፉን ገደለው ብዬ እየጻፍሁ ነበር፤ በልቤ። ጥሩ መጣጥፍ ይወጣው ነበር።

ተበላሸብኝ። በሚቀጥለው ወር ስሄድ አባባ አላኮረፉም። ማሽኑ ፊት አስቀመጡኝ። አዲሱ ሲስተም ተከፍቷል። የፊደሉ ገበታ ገብቷል። ከማያው ጥግ ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ፤ አራት ይላል። የእጅ ሰዓቴን አየሁ፤ ረፋዱ አራት ሰዓት ነው። የእኛ አራት ሰዓት!

«ምን አደረጉት?»

«ቀኑን ሰጠሁት፣ ሰዓቱን ወሰድሁ። ዕርቅ እንዲህ ነው፤ አንዱ ብቻ ከሰጠ ዕርቅ አይባልም።»

«ሰዓቱንስ እንዴት?»

አባባ የከተሞቹን ዝርዝር ከፈቱልኝ። ኮምፒውተር ሰዓቱን የሚያውቀው በምን ከተማ እንዳለ ሲነገረው ነው። እሳቸው ያሰቡት ቀላል ነገር ነው። የእኛ ሰዓት የሚጀምረው ፀሐይ ስትወጣ ነው፤ የፈረንጁ ግን እኩለ ሌሊት ላይ። እንግዲያው እኛ ጋ ፀሐይ ስትወጣ እኩለ ሌሊት የሚሆንበት ከተማ ከተገኘ፣ የዚያ ከተማ ሰዓት የእኛ ሰዓት ነው። ማታ ላይ ከተሞቹን አንድ በአንድ ሲፈትኑ ሰንብተው አገኙት። ቦነስ አይረስ።

ሁለቱንም ሲስተሞች፣ አዲሱንም አሮጌውንም፣ ደቡብ አሜሪካ ወስደው አስፍረዋቸዋል። ሳይጠይቁ ማስፈር በዚህ አገር አዲስ አይደለም፤ ሰፋሪው ሲስማማው ማየት ግን አዲስ ነው። ማሽኑ ለዓለም የዓለምን ቀን ይናገራል፤ ለአባባ የአባባን ሰዓት። ማንም አልተዋሸም። አንዱ ለአንዱ አልተንበረከከም። እኔ ስንት ዓመት ‹የራሳችን› እና ‹የሌላው› እያልሁ ስጽፍ፣ ሁለቱ በአንድ ግቢ የሚያድሩበትን በር የከፈትሁበት አንድ አንቀጽ የለኝም።

እማማ ከተማውን በጣታቸው ነኩት። «ይህ አገር ሰው አለው?»

«አለው እንጂ» አሉ አባባ። «ሁሉም ኳስ ተጫዋች ነው።»

«እንግዲህ ዘመዶቻችን ናቸው፤ ሲያርፉ እናርፋለን።»

«እኛ ስንነሣ ነው እነሱ የሚተኙት።»

«ታዲያ ምን ዓይነት ዘመድ ናቸው?» ብለው እማማ ወጡ።

ከዚያ ጽሑፉን ከአሮጌው ቤት ወደ አዲሱ ማጋዙ ተጀመረ። ይህንም ላቀልለው ሞከርሁ። የድሮውን ፊደል ወደ አዲሱ በአንድ ጊዜ የሚለውጥ ፕሮግራም እንዳለ ሰምቼ ነገርኋቸው። አባባ አሰቡበት፤ ከዚያ እምቢ አሉ።

«ሳላየው የሚያልፍ ነገር አይኖርም።»

ዘዴያቸው ይኸ ነበር። አሮጌውን ሲስተም ከፍተው የአንድ ተክል ጽሑፍ ያነባሉ። ይዘጉታል። ማሽኑ ቀርፋፋ ነው፤ አንዱ ተዘግቶ ሌላው እስኪነሣ ጥቁሩ ማያ ላይ ይቆማል። እሳቸው ግን አጠገቡ አይቀመጡም። ተነሥተው ወጥተው ተክሉን ያዩታል። ብዙው ግቢያቸው ውስጥ ነው፤ ኮሶው፣ ብሳናው፣ ዶቅማው፣ ግራዋው። የቀረው በወንዙ ዳር ነው። አይተው ሲመለሱ፣ አዲሱን መርጠው ገብተው፣ ያዩትን ይጽፋሉ። ያነበቡትን አይደለም፤ ያዩትን።

መጀመሪያ ሳቅሁ። በቀን ስንት ተክል ሊጋዝ ነው? ከዚያ አንድ ቀን አብሬያቸው ወጣሁ። ጠምበለሉ ጋ ቆምን። አሮጌው ጽሑፍ ‹አበባው ነጭ› ብሎ አልፎታል። አባባ አንድ እምቡጥ ወደ መነጽራቸው አቅርበው አገላበጡት።

«ጀርባው ቀላ ይላል። ነጭ ብዬ የጻፍሁት የትኛው ሞኝ ሆኜ ነው?»

በዚያ ሰሞን ስንቱን አቃኑ። ሁለት ቤት መኖሩ ጥቅሙ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሄድ ደጁን ማለፍህ ነው። ለዋጩ ፕሮግራም ደጅ የለውም። ይህን እኔ ነኝ ያልሁት፤ አባባ እንዲህ ያለ ነገር አይናገሩም፤ ‹ና፣ ይህን ቅጠል ያዝልኝ› ነው የሚሉት።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከሞላ ጎደል ሁሉም ተጋዘ። የቀረው አንድ ነው። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ የመጽሐፋቸው ነውና ቀድሜ ብጽፈው የሚያደርጉኝን አውቃለሁ። በውሃ ዳር ከዛፍ ጥላ ሥር የምትበቅል ዝቅ ያለች ተክል ናት። እማማ በልጅነታቸው አዲስ ቅዳም አጠገብ ያውቋታል፤ አባባ ከእሳቸው አፍ ጻፏት እንጂ አይተዋት አያውቁም። ያ ቦታ ዛሬ ዲከረንስ ነው፤ ለከሰል የሚተከለው ዛፍ። ከጫፍ እስከ ጫፍ።

«እንደተጻፈች ይገልብጧት» አልሁ። «አንድ ተክል ናት።»

«ያላየሁትን አላስገባም።»

«ካልተገኘችስ?»

«አሮጌው ቤት ትቀራለች። ቤት አላት እኮ።»

እንዲህ ሲሉ ድምፃቸው እንደ ወትሮው አልነበረም። ሥራው በዚህች አንድ ተክል ቆመ። እንጅባራ ያሉት ሰዎችም መቼ ይመጣል እያሉ ነው። አባባ ግን አይሰጡም።

ጳጉሜን መጣ። ማሽኑ እንደ ልማዱ ጨርቅ ለበሰ። አባባ፣ እማማና እኔ ጃንጥላ ይዘን አዲስ ቅዳም ሄድን። ዝናብ ነበር፤ የጳጉሜን ዝናብ ጠበል ነው ብዬ ላጽናና ብሞክር እማማ፣ «እንግዲያው ጃንጥላህን እጠፈው» አሉኝ። ከመንገዱ ወርደን በዲከረንሱ መሐል ገባን። ከሥሩ ምንም አልነበረም፤ ቅጠሉ ብቻ ረግፎ እንደ ምንጣፍ ተነጥፏል። አባባ ዛፎቹን በእጃቸው ነካ እያደረጉ ያልፋሉ። ስንት ችግኝ ያደሉ እጆች ናቸው።

እማማ ግን ዛፉን አላዩም። የሚያዳምጡ ይመስላሉ። ከዚያ በአዊኛ አንድ ነገር ተናግረው ወደ ግራ ታጠፉ። ቁልቁል ሲወርዱ እኔ ተንሸራተትሁ፤ እሳቸው አልተንሸራተቱም። ከታች ትንሽ ምንጭ አለች። ለከሰል የማይሆን አንድ ጠማማ ብሳና ዳሯ ላይ ቀርቷል። አባባ ተንበርክከው ፈለጉ። እኔ ቆሜ ፈለግሁ። የለም።

«የለችም» አሉ አባባ። ቀና ሲሉ ፊታቸው እርጥብ ነበር፤ ዝናቡ ነው እንበል።

እማማ በጃንጥላው ጫፍ እግሬን ነኩኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ እግርህን አንሣ። ቆመህባታል።»

አነሣሁ። ጫማዬ ሥር ጭቃ ውስጥ የተኛች ትንሽ ቅጠል ነበረች። እማማ ጎንበስ ብለው ጭቃውን ጠረጉላት፣ አሽተው አሸተቷት፣ በአዊኛ ስሟን ጠሯት፤ የጎረቤት ልጅ የሚጠሩ ነው የሚመስሉት። አባባ መነጽራቸውን ጠርገው አደረጉ፤ ደግሞ ረጠበ፣ ደግሞ ጠረጉ። ብዙ ቆየን። ቅጠሏን ቆጠሩ፣ ግንዷን ዳሰሱ፣ አበባዋ ወቅቱ አልደረሰም። አልነቀሏትም።

ዳንግላ ስንመለስ ከሰዓት በኋላ ነበር። እማማ እርጥብ ነጠላቸውን ሲቀይሩ አባባ ቀጥ ብለው ወደ ማሽኑ ሄዱ። ጨርቁን ገፈፉት።

«ጳጉሜን አይደለም ወይ?» አሉ እማማ። «አንቱ ራስዎ አይደሉም አላሠራውም የሚሉት?»

«ቦነስ አይረስ ጳጉሜን የላቸውም» አሉ አባባ።

ጥቁሩ ማያ ተነሣ። ሁለቱ ስሞች ቆመው ጠበቁ። አባባ አሮጌውን አልነኩትም። አዲሱን መረጡና ከጫማቸው ጭቃ ሳያራግፉ ተቀምጠው መጻፍ ጀመሩ። በሁለት ጣት ነው የሚተይቡት። እኔ ወንበሬ ላይ ነበርሁ፤ ራቅ ያለው ላይ። ማያው ጥግ ላይ ያለው ሰዓት ከእጅ ሰዓቴ ጋር አንድ ነበር።

ጨርሰው ወደ ኋላ ተደገፉ። መጽሐፉ አለቀ ማለት ነው። ነገ ተመልሼ ለእንጅባራዎቹ የምወስደው በአዲሱ ፊደል ነው።

እማማ መቀነታቸውን ያዙ። ቋጠሮው እንዳለ ነው። «እንግዲያው ይኸን ልፍታው?» አሉ። «አሮጌውንስ ያፈርሱታል?»

አባባ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አበባዋን አላየሁም» አሉ። «ስታብብ እንሄዳለን። እስከዚያ አትፍቺው።»

እማማ ቋጠሮውን አጠበቁት። ከዚያ የኤሌክትሪክ ምድጃውን ሰኩ።